ውሻ ይዞ ቢሾፍቱ

ዐርብ

ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ ለመሄድ ማንም ሰው ከዋዜማው ጀምሮ አይሰናዳም። ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ያገኘው ሚኒባስ ላይ ይሳፈራል፤ በሰዓቱ መጨረሻ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ቡና ያዝዛል። እኔ ግን ውሻ ይዤ ልሄድ አስቤ ስለነበር ዐርብን ሙሉውን የፈጀሁት በመሰናዶ ነው።

ሐሳቡ የእኔ አልነበረም። አብራን የምትኖረው የ12 ዓመት የእህቴ ልጅ አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ጋሼ፣ መቻል እኮ ሐይቅ አይቶ አያውቅም» አለችኝ። ሣቅሁባት፤ ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። መቻል አራት ዓመቱ ነው። በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ ያየው ዓለም ግቢያችንን፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለውን የጤፍ ማሳ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከማሳው ወዲያ ድምፁን የሚያሰማውን ጅብ ነው። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው። በጊዜው ከአጥር ጎረቤታችን ጋር በወሰን ተቀያይመው ነበርና፣ ጨዋ ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይናገረውን ውሻውን እየጠራ እንደሚያሰማው እንደ ጥንቱ ልማድ፣ አባቴ ጠዋትና ማታ በረንዳ ላይ ቆሞ «መቻል! መቻል!» ይል ነበር። ጎረቤቱ ቤቱን ሸጦ ከሄደ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ከውሻው ጋር ቀርቷል።

በመጀመሪያ የትራንስፖርቱን ነገር ልጨርስ ብዬ ሚኒባሶቹ ወደሚሰለፉበት ሄድሁ። አንድ ረዳት ጥያቄዬን በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ «ጋሼ፣ ውሻ ከጫንሁ ሰው አይገባልኝም» አለኝ። ልከራከረው አልሞከርሁም፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የአማቼን አሮጌ ዲኤክስ ተዋስሁ። አማቼ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኋላው ወንበር በብርድ ልብስ ይሸፈን።

ቀጥሎ የክትባት ካርዱን ፈለግሁ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን በየዓመቱ አስከትበዋለሁ፤ በእኛ አካባቢ ይህን የሚያደርጉ ብዙ አይደሉም። በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ «ፓስተር» የሚለውን ስም ሲሰማ ከሠፈሩ በፊት ትዝ የሚለው መርፌው ነው። በልጅነታችን ውሻ የነከሰው ልጅ ወደዚያ እየተመላለሰ ሆዱ ላይ በተከታታይ ቀናት ይወጋ ነበር፤ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ «ፓስተር ነው» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር። ዛሬ መርፌው ቀንሷል፤ በሽታው ግን ያው ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በማያውቀው ሕዝብ መካከል ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ካርዱን በኪሱ መያዝ ለሌሎች ያለበት ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአፍ ማሰሪያ ግን አልነበረንም። የሚሸጥበት ቦታ ሩቅ፣ ዋጋውም ለአንድ ቀን መንገድ የሚበዛ ሆነብኝና ሠፈራችን ያለውን ጫማ ሰፊ አማከርሁት። ሰውየው ልኩን በክር እንድለካለት ከነገረኝ በኋላ፣ እኔ ስለካ እርሱ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆመ፤ ከዚያም ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቆርጦ፣ መቻል አፉን ከፍቶ ማለክለክ እንዲችል ከፊት ክፍት ያለው ጠፍር ሰፋልኝ። ክፍት መሆኑ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ በማግሥቱ ነበር። ማታ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ 10 ሜትር ገመድና ሁለት አሮጌ ፎጣ አዘጋጅተን ተኛን። መኪና ያልለመደ ውሻ መንገድ ላይ ስለሚያስመልሰው መቻል የበላው በጊዜ ነው፤ ጠዋት እንዳይሰጠው ለሁሉም ተነገረ።

ቅዳሜ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። የጥር ብርድ ያጥንት ነው፤ የመኪናው መስታወት ላይ ጤዛው ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። በማሳው ላይ የተከመረው የጤፍ ጭድ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። መቻል መኪናው ውስጥ አልገባም አለ። ፊት እግሮቹን አስገብቶ የኋላዎቹን መሬት ላይ ተከለ፤ እኔ ከኋላ ስገፋ የእህቴ ልጅ በወዲያኛው በር ገብታ ስሙን ስትጠራ፣ ከሩብ ሰዓት ትግል በኋላ ገባልን።

በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ – አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ከደጃችን ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም በአሮጌው መንገድ ለመሄድ ወሰንሁ፤ በፈጣኑ መንገድ ላይ እንደ ልብ መቆም ስለማይቻል ውሻው ቢታመም መግቢያ መውጫ እናጣለን ብዬ ነው። ውሳኔዬ ልክ እንደነበረ ለማወቅ 20 ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ዱከም ልንገባ ስንል መቻል ሁለት ጊዜ ከንፈሩን ላሰ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ፣ ከዚያም የአማቼ ብርድ ልብስ ላይ አስመለሰ። ዳር ይዘን ቆምን። በግራ የየረር ተራራ፣ በቀኝ ደግሞ ራቅ ብሎ ዝቋላ ከጭጋጉ በላይ ጠርተው ይታዩ ነበር፤ እኔ ግን ፎጣ ላይ ውኃ እያፈሰስሁ ብርድ ልብስ ስጠርግ ነበር።

ዱከም የሥጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጥሬ ሥጋ ለመብላት ብቻ እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ወሩም የፍስክ ስለነበር ልኳንዳዎቹ ገና በማለዳው ሙዳ ሰቅለው ደምቀዋል። መቻል ሆዱ ባዶ እንደሆነ ያስታወሰው ያኔ ነው። በመስኮቱ ክፍተት አፍንጫውን አውጥቶ ሲያሽት ያየው አንድ ባለልኳንዳ ሣቀና ሳንባ ቆርጦ አመጣለት። አመስግኜ እምቢ ስለው ቅር አለው። የእንስሳት ሐኪሙ በየክትባቱ ከሚደጋግምልኝ ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ጥሬ ሳንባና ጉበት የበላ ውሻ በአንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ትል ያፈራል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በሰው ውስጥ ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ዕባጭ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለባለልኳንዳው በሰላምታ መካከል ማስረዳት ስለከበደኝ፣ «ሆዱን አሞታል» ብዬ አለፍሁ። እውነትም ነበር።

ቢሾፍቱ የደረስነው 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ታላላቆቻችን ዛሬም «ደብረ ዘይት» ይሏታል፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣላት ስም ነው። የቀደመው ስሟ ግን ተመልሶላታል፤ በኦሮምኛ ቢሻን ውኃ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይቸግረውም። በከተማዋና በዙሪያዋ ያሉት ሐይቆች፣ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ እያሉ ይቀጥላሉ፤ አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ስለዚህ እንደ ሌላው ሐይቅ በዝግታ እየሰፉ የሚሄዱ ዳርቻዎች የላቸውም። ገደሉ ጫፍ ላይ ትቆማለህ፤ ውኃው ከታች ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ዛሬ ሆቴል ያልተሠራበት ስንዝር መሬት ማግኘት ከባድ ነው፤ ከተማዋን ለመጎብኘት የመጣ ሰው ሐይቁን የሚያየው በአንዱ ሆቴል በር ገብቶ ነው።

የእኛ ቀን የተበላሸውም የተቃናውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ረስቼ አልነበረም፤ ያን ያህል ይሆናል ብዬ ግን አልገመትሁም። በአበባ ያጌጡ መኪናዎች ጡሩምባቸውን እያስጮኹ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል፤ በላያቸው ወገቡን በመስኮት አውጥቶ የሚቀርጽ ቪዲዮ አንሺ አይጠፋም። የአዲስ አበባ ሙሽሮች ፎቶ መነሻቸው ቢሾፍቱ ሆኗል። በዚያ ላይ የቅዳሜ ሽርሽር የወጣ ቤተሰብ፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የመጣ ሠራተኛና ባጃጁ ተጨምሮ ዋናው መንገድ ለእግረኛ የቀረለት ቦታ አልነበረም። መቻል ከመኪናው ወርዶ ይህን ሲያይ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ከጉልበቴ ጋር ተጣበቀ። ጅብ የሚያባርር ውሻ ነው።

የመጀመሪያው በር ላይ ጥበቃው ጨዋ ሰው ነበር። «ጌታዬ፣ ሰው ይግባ፣ ውሻ አይገባም» አለ። የክትባት ካርዱን አሳየሁት፤ ገልብጦ ተመለከተውና፣ «ካርዱን እኔ አምኛለሁ፤ ውስጥ ያሉት ሕፃናት ግን ካርድ አያነቡም» ብሎ መለሰልኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም። ሁለተኛው በር ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲነገረን፣ ከፊታችን አንዲት ወይዘሮ ከእጅ ቦርሳ የማይበልጥ ነጭ ፀጉራም ውሻ አቅፋ ገባች። የእህቴ ልጅ ፈጥና፣ «ያስ?» ብላ ጠየቀች። ጥበቃው ሳያፍር፣ «ያማ አሻንጉሊት ነው» አለ። ሦስተኛውን በር ልንሞክር ስንቀርብ ገና ከሩቅ በእጁ ምልክት አሳየንና ዞርን።

ወደ ሆራ የመውረድ ሐሳብ ነበረኝ፤ ይህንን ግን ማንም ሳይከለክለኝ ራሴው ተውሁት። ሆራ አርሰዲ ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ ኢሬቻ የሚከበርበት፣ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ የሚወርድበት ዳርቻ ነው፤ በሌላ ጊዜም ለጸሎት የሚመጡ ሽማግሌዎች ከዛፎቹ ሥር አይጠፉም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ውሻ ይዤ እንደማልገባ ሁሉ እዚያም መውሰድ ደስ አላለኝም።

ስለዚህ በከተማው ውስጥ በእግራችን ዞርን። በሁለት ሰዓት ውስጥ «ይናከሳል?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ማዶው ተሻገሩ። ወደ መስጊድ የሚሄዱ አንድ አባት ደግሞ፣ «ልጄ፣ ውዱእ አድርጌያለሁና ወደዚያ ያዝልኝ» ሲሉኝ ገመዱን አሳጥሬ ቆሜ አሳለፍኋቸው። ልጆች ከሩቅ ጠጠር ወርውረው ይሮጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ በእኛ አገር ውሻ ከአጥር ውስጥ ሆኖ ሰው እንዲያስፈራ ነው የሚያድገው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ደግሞ ባለቤት የሌለው፣ ክትባት የማያውቅ ነው። ልጅ ሁለቱን ብቻ አይቶ ሲያድግ ሦስተኛ ዓይነት ውሻ እንዳለ ማን ይነግረዋል? አንድ ጊዜ ደግሞ ውሻውን ስጠራ የሰሙ ጎረምሶች ከካፌ በረንዳ ላይ እጃቸውን እያወጡ ደገፉኝ፤ የጦሩን እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ መስያቸው ነበር። አየር ኃይሉ ያለባት ከተማ ናትና «መቻል!» እያለ የሚጮህ ሰው ወዳጅ አያጣም።

የሚያስቀው ሌላው ነገር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው እዚሁ ቢሾፍቱ ነው፤ ለአገሪቱ ከብት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋምም እንዲሁ። በዚህች ከተማ ውሻ መታከም እንጂ መዝናናት አይችልም ማለት ነው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል እመጣለሁ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ጥር ሌሊቱ ብርድ ቢሆንም ቀትሩ ይጠብሳል፤ ቢሾፍቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጌ ሰባት እስክቆጥር መታገሥ ስላቃተኝ የመቻል መዳፍም አይችለውም ብዬ ወደ መኪናው መለስሁት። እስከዚህ ጥሩ ነበርሁ። ከዚያ ግን የእህቴ ልጅ እንደራባት ነገረችኝ፤ ምግብ ቤቱ ቅርብ ነው፤ መኪናው ዛፍ ሥር ቆሟል፤ መስኮቶቹን አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ፣ «አሥር ደቂቃ» ብዬ ገባን። የታዘዘው ዓሣ ጥብስ ዘገየ። ዓሣው ሲመጣ ደግሞ ትኩስ ነበር። የዛፉ ጥላ ሰውን አይጠብቅም።

መኪና የሚጠብቀው ልጅ ምግብ ቤቱ ውስጥ ድረስ ገብቶ፣ «የዲኤክሱ ባለቤት ማነው? ውሻው ሊሞት ነው» ብሎ ሲጮህ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር። ሁሉም ሰው ዞሮ ተመለከተን። መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር እንደሚችል፣ መስኮት ገርበብ ማድረግም እምብዛም እንደማይረዳ አውቅ ነበር፤ አንብቤዋለሁ፤ ለሌላ ሰውም ተናግሬዋለሁ። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካላቱ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ የሚተነፍሰው አየር ራሱ ከጋለ ማለክለኩ ዋጋ የለውም። ጠፍሩን ከአፉ ላይ ሳልፈታ መተዌን ደግሞ ያስተዋልሁት በሩን ስከፍት ነው፤ ጫማ ሰፊው ከፊት ክፍት ባያደርገው ኖሮ ይህን ማስታወሻ አልጽፍም ነበር። ምላሱ ወደ ሐምራዊ ሄዷል፤ ለሃጩ እንደ ሙጫ ወፍሯል፤ ስጠራው ዓይኑን እንጂ ራሱን አላነሣም።

ተሸክመን ጥላ ውስጥ አስተኛነው። የቀረንን ውኃ በሙሉ ሆዱ፣ ብብቱና መዳፉ ላይ አፈሰስሁ፤ አንድ አስተናጋጅ በረዶ ልታመጣ ስትሮጥ አስቆምኋት፤ በረዶ የቆዳውን የደም ሥር ስለሚያጠብበው ቀዝቀዝ ያለ ውኃና ነፋስ ይሻላል። የእህቴ ልጅ የምግብ ዝርዝሩን እንደ ማራገቢያ አድርጋ ሳታቋርጥ አራገበችለት። አላለቀሰችም፤ እኔንም አልተናገረችኝም፤ ያ ነው የከበደኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ራሱን አነሣ፤ ከሳህኑ ጥቂት ጠጣ፤ ድዱ ቀስ እያለ ወደ ቀይነቱ ተመለሰ። መኪና ጠባቂው ልጅ ከአጠገባችን ሳይርቅ ቆሞ ነበር። ገንዘብ ስሰጠው ተቀበለኝና፣ «ጋሼ፣ ውሻ እኮ በር ከፍቶ አይወጣም» አለኝ። ዕድሜው ከ15 አይበልጥም።

ወዲያው ወደ ቤት ለመመለስ አስቤ ነበር። ነገር ግን በዚያ ፀሐይ መኪና ውስጥ መልሶ ማስገባቱ ራሱ ስላስፈራኝ፣ ጥላው ሥር እስከ 9 ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ነፋሱ ሲመለስ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ ከከተማዋ ጫፍ ወዳለው ወደ ጨለለቃ ሄድን።

ጨለለቃ እንደ ሌሎቹ ጥልቅ ጉድጓድ የለውም፤ ክረምት የሚያጥለቀልቀው፣ በጋ የሚያደርቀው ጠፍጣፋ ረግረግ ነው። ሆቴል የሚሠራበት ገደል ስለሌለው በር የለውም፤ በር ስለሌለው ደግሞ ጥበቃ የለውም። በጥር ውኃው ወደ መካከል ሸሽቶ ዳሩ እንደ በረሃ ደርቋል፤ ጭቃው እንደ ምጣድ ስብርባሪ ተሰነጣጥቆ እግር ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል፤ ነፋስ ሲመጣ ነጭ አቧራ ያነሣል። ከውኃው ዳር፣ የራሳቸውን አገር ክረምት ሸሽተው ከሩቅ ሰሜን የሚመጡት ግራጫ፣ ባለ ረጃጅም እግር ወፎች በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ቆመዋል። ድምፃቸው ከርቀት የጡሩምባ ዓይነት ነው፤ ከሙሽራ መኪናው ግን በጣም ያምራል።

10 ሜትሩን ገመድ አንገቱ ላይ አሰርሁና ጠፍሩን ፈታሁለት። ከገመዱም ልለቀው ፈልጌ ነበር፤ ወፎቹን ያባርራል ብዬ ተውሁት፤ ያን ያህል መንገድ በርረው የመጡትን በእኛ ውሻ ምክንያት ማስነሣት ነውር መስሎ ታየኝ። ከብት የሚጠብቁ ሁለት ልጆችም ውሻቸውን አስከትለው ሲያልፉ፣ መከተቡን ስላላወቅን ተራርቀን ሰላምታ ተለዋወጥን። መቻል መጀመሪያ ስንጥቆቹን አንድ በአንድ አሸተተ። ከዚያ በድንገት፣ ያን ሁሉ ቀን ጉልበቴን ሳይለቅ እንዳልዋለ፣ ገመዱ እስኪወጠር ሮጠ፤ ዞረ፤ መልሶ ሮጠ። የእህቴ ልጅ ገመዱን ተቀብላኝ አብራው ትሮጥ ጀመር፤ ሁለቱም በአቧራው ውስጥ ነጭ ሆኑ። በመጨረሻ እርጥቡ ጭቃ ጋ ደርሶ ቆመና ውኃውን አየው። ሊጠጣ ሲያጎነብስ ጎትተን መለስነው።

«ይኸው አየ» አለች የእህቴ ልጅ።

የተመለስነው በፈጣኑ መንገድ ነው። መቻል ከሆዱ ባዶነት የተነሣ የሚያስመልሰው ነገር ስላልነበረው፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ቱሉ ዲምቱ መውጫ ላይ ደርሰን ከፈልን።

እሑድ

ጠዋት በረንዳ ላይ አስተኝተን ፈተሽነው። ከጆሮው ሥር ሦስት፣ ከጣቶቹ መካከል አንድ መዥገር ተገኘ፤ በወረንጦ ከሥሩ ይዤ ሳልጠመዝዝ አወጣሁና ሳሙና ውኃ ውስጥ ጣልሁ። የፊት ቀኝ መዳፉ ቆዳ ትንሽ ተልጧል፤ በጨው ውኃ አጠብነው። ለእንስሳት ሐኪሙ ደውዬ የመኪናውን ነገር ሳልሸሽግ ነገርሁት፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፣ ሽንቱ ጠቁሮ እንደሆነ፣ ምግብ ይበላ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሰኞ ይዤው እንድመጣ አዘዘኝ። የአማቼን ብርድ ልብስ ሁለት ጊዜ አጠብሁት። ሽታው አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ሠራተኛ አጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ሌሊት ጅቡ በራችሁ ድረስ መጥቶ ሲጮህ ነበር፤ ውሻችሁ ሞተ እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። መቻል በረንዳው ላይ አራት እግሩን ዘርግቶ እንደተኛ ነበር። ድምፅዋን ሰምቶ አንድ ጆሮውን ብቻ አነሣ።

«ቢሾፍቱ ውሎ መጥቶ ነው» አለቻት የእህቴ ልጅ።